ጭሱ የማን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው የአካባቢና የጤና ዝግጅታችን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይወስደናል። በዚያ ምድር ኢንዶኔዢያ ውስጥ ደን ሲቃጠል ማሌዥያ ውስጥ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሲንጋፖር ውስጥ ደግሞ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ሥራ ይሄዳል። ነገሩ አንድ ጊዜ ደርሶ ያለፈ አደጋ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ይረሳው ነበር። ደረቁ ወቅት በበረታ ቁጥር ግን ይመለሳል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም ሲመላለስ ኖሯል። ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው እሳቱን አልለኮሰም። በሚቃጠለው መሬት ላይም ሥልጣን የለውም። ምሬቱ የሚብሰው በዚህ ነው።

እሳቱን ማን ይለኩሰዋል? ለምንስ ቶሎ አይጠፋም? የጎረቤቱን አየር የበከለ አገር በሕግ ይጠየቃል? እኛስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነን ከዚህ ምን እንማራለን? እነዚህን በየተራ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንድትይዙልን እንጠይቃለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ አካባቢውን እንወቀው። ኢንዶኔዢያ በሺህ የሚቆጠሩ ደሴቶች ያሏት ሰፊ አገር ናት። ከትላልቆቹ ደሴቶች አንዷ ሱማትራ ናት። ከሱማትራ ተነስቶ የማላካን የባሕር ሰርጥ የተሻገረ ሰው ማሌዥያ ይገባል፤ ከማሌዥያ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ደግሞ ሲንጋፖርን ያገኛል። ሌላዋ ትልቅ ደሴት ቦርኒዮ ናት። ቦርኒዮን ሦስት አገሮች ይካፈሏታል። ካሊማንታን የሚባለው ሰፊው ክፍል የኢንዶኔዢያ ነው፤ ሳራዋክና ሳባ የማሌዥያ ናቸው፤ በሰሜን በኩል ያለችው ትንሿ ብሩናይ ራሷን የቻለች አገር ናት።

እኛ አገር ክረምቱ ገብቶ ዝናብ በሚወርድበት ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ማለት ነው፣ በሱማትራና በካሊማንታን የእሳት ሥፍራዎች ደረቅ ወቅት ነው። ነፋሱም በእነዚያው ወራት ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ስለዚህ እሳቱ የሚነሳበት ጊዜና ነፋሱ ወደ ጎረቤት የሚነዳበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ሪያው በተባለው የሱማትራ ክፍለ ሀገር የተነሳ ጭስ ሲንጋፖር ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም።

ዓለም ጉዳዩን በስፋት ያወቀው በ1997 ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ወር የሳራዋክ ዋና ከተማ በሆነችው ኩቺንግ የአየር ብክለት መለኪያው ከ800 አለፈ። በማሌዥያ መለኪያ ከ300 በላይ ያለው አየር «አደገኛ» ይባላል። መንግሥት በሳራዋክ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ።

በሰኔ 2013 ደግሞ ተራው የሲንጋፖር ሆነ። መለኪያው 401 ደረሰ፤ ይህም በአገሪቱ ታሪክ ያልታየ ቁጥር ነበር። በመድኃኒት ቤቶች የአፍንጫ መሸፈኛ ጠፋ። ሙአር በተባለችው የማሌዥያ ከተማ ቁጥሩ ከ700 በላይ ወጥቶ አሁንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያን ጊዜ የኢንዶኔዢያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሱሲሎ ባምባንግ ዩዶዮኖ ሁለቱን ጎረቤቶች በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ከዚያ የባሰ መጣ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ደን በየአገሩ ይቃጠላል። የኢንዶኔዢያውን ልዩ የሚያደርገው ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ነው።

በሱማትራና በካሊማንታን ቆላማ ጠረፎች ሰፋፊ ረግረጋማ ደኖች አሉ። የወደቀው ቅጠል፣ ቅርንጫፍና ግንድ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስለሚተኛበት አየር አያገኝም፤ አየር ስላላገኘም በወጉ ሳይበሰብስ በላይ በላዩ ይከመራል። አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ክምችት ለመፈጠር አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይወስዳል። በአንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ከአሥር ሜትር ያልፋል። ባለሙያዎች ይህን አፈር ፒት ይሉታል። ኢንዶኔዢያ ከ13 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የዚህ ዓይነት መሬት አላት።

ይህ አፈር ውኃ እንደጠገበ ከቆየ እሳት አይበግረውም። ችግሩ የሚጀምረው ውኃው ሲወጣ ነው። ለዘይት የሚተከለው የፓልም ዛፍና ለወረቀት የሚሆን ባሕር ዛፍ መሰል ተክል በውኃ በተጥለቀለቀ መሬት ላይ ስለማይለማ፣ አልሚው ቦይ ይቆፍርና ውኃውን ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ያኔ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመው የተክል ቅሪት እንደ ማገዶ ይደርቃል።

የዚህ ስህተት ትልቁ ምሳሌ በማዕከላዊ ካሊማንታን የተፈጸመው ነው። የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ መንግሥት በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ረግረግ ወደ ሩዝ እርሻ ለመለወጥ ተነሳ። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተቆፈረ። መሬቱ ግን ለሩዝ አልሆነም፤ ሱሃርቶ በ1998 ከሥልጣን ሲወርዱ ዕቅዱም ተተወ። ቦዮቹ ግን ውኃውን ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ። የ1997ቱ እሳት ክፉኛ ከመታቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው መሬት ነበር።

አሁን ክብሪቱን የሚጭረው ማን እንደሆነ እንይ። መሬት በትራክተርና በኤክስካቫተር መመንጠር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እሳት ግን ዋጋው ርካሽ ነው፤ አመዱም የአፈሩን አሲዳማነት ለጊዜው ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሹ ገበሬም፣ መሬት ሻጩ ደላላም፣ አንዳንድ ኩባንያም በእሳት ይጠቀማሉ። በመሬት ይገባኛል ጠብ ምክንያት ሆን ተብሎ የሚለኮስ እሳትም አለ። የኢንዶኔዢያ የ2009 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ መሬትን በእሳት መመንጠርን ይከለክላል፤ ጥፋተኛውን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ያሳስራል። እስከ ሁለት ሄክታር በባሕላዊ መንገድ ለሚያቃጥሉ ነዋሪዎች ግን የተለየ ፈቃድ ይሰጣል።

እሳቱ አንዴ ወደ ደረቀው አፈር ከገባ ማጥፋቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከሰል ሲከሰል ያየ አድማጭ ይህን በቀላሉ ይረዳል። አክሳዮቹ እንጨቱን ከምረው በቅጠልና በአፈር ይደፍኑታል፤ እሳቱም አየር እያጠረው፣ ነበልባል ሳያወጣ፣ ውስጥ ለውስጥ ለቀናት ይሄዳል፤ ጭሱ ግን አያባራም። የካሊማንታን ምድርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ስፋቱ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር መሆኑ ነው። ሄሊኮፕተር ከላይ የሚያፈሰው ውኃ ላይ ላዩን አርሶ ይቀራል፤ ከሥር ያለው እሳት በሌላ በኩል ብቅ ይላል። በደንብ የሚያጠፋው የሳምንታት ዝናብ ብቻ ነው።

ዝናቡ የሚዘገየው ደግሞ በኤልኒኞ ዓመት ነው። ኤልኒኞን እኛም በሚገባ እናውቀዋለን። በ2015 ዝናባችንን አሳጥቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችንን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ያደረገው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዢያ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተቃጠለ፤ ይህ አዲስ አበባን ወደ ሃምሳ ጊዜ ያህል የሚሆን ስፋት ነው። የዓለም ባንክ የአገሪቱን ኪሣራ 16.1 ቢሊዮን ዶላር ሲል ገመተው። ይህም ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ በኢንዶኔዢያ የአቼህን ግዛት መልሶ ለመገንባት ከወጣው ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጤናው እንምጣ። የዚህ ጭስ ዋነኛ ጉዳት ያለው በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ላይ ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ስፋት ያላቸው እነዚህ ቅንጣቶች ከሰው ጠጉር ወደ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይቀጥናሉ። አፍንጫችን ትላልቁን አቧራ ያስቀራል፤ እነዚህን ግን ማስቀረት አይችልም። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ ደም ይሻገራሉ። ስለዚህ ጉዳታቸው በሳልና በአስም አይወሰንም፤ የልብ ድካምና የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት የመሳሰለውን አደጋም ያባብሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ቅንጣቶች የሃያ አራት ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በጭሱ ወራት ይህ ወሰን በብዙ እጥፍ ይጣሳል።

በ2015ቱ ቃጠሎ ኢንዶኔዢያ በይፋ የመዘገበችው ሞት 19 ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ደግሞ በመተንፈሻ አካል ሕመም ታከሙ። በ2016 የሃርቫርድና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ግን በጭሱ ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው የሞቱትን 100,300 አድርሶ ገመታቸው። መንግሥታቱ ግምቱን አልተቀበሉትም። የሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ የመጣው ከአቆጣጠር ነው። አንደኛው በእሳቱና በጭሱ መሞታቸው በቀጥታ የተመዘገበላቸውን ብቻ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ጭሱ ያባባሰባቸውን የልብና የሳንባ ሕመምተኞችንም ያስባል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ጥናቱ ከገመታቸው ሟቾች 91,600ዎቹ ኢንዶኔዢያውያን ናቸው። የማሌዥያ 6,500፣ የሲንጋፖር 2,200 ነው። የዓለም ጋዜጦች ስለ ሲንጋፖር ሰማይ በሚጽፉበት ሰሞን የማዕከላዊ ካሊማንታን ዋና ከተማ ፓላንግካራያ ለሳምንታት በቢጫ ጭስ ተውጣ ነበር። የጎረቤቱ ቁጣ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በኢንዶኔዢያ ሕዝብ ላይ ሲነጣጠር ዒላማውን ይስታል፤ ከሁሉ በፊት የታፈነው ያ ሕዝብ ነውና።

ጭስ በበዛበት ቦታ ራሳችንን እንዴት እንጠብቅ? ነጠላ፣ ሻሽ ወይም ተራ የአፍ መሸፈኛ ትላልቁን አቧራ ቢያስቀርም ደቃቁን ቅንጣት አያቆምም። የሚረዳው ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥመው ጭንብል ነው። በር መስኮት መዝጋት፣ ከባድ ሥራና ስፖርት መተው፣ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አረጋውያንን ከቤት አለማውጣት ጉዳቱን ይቀንሳል። በየማጀቱ በማገዶ የምታበስል እናትም ይህንኑ ደቃቅ ቅንጣት እንደምትተነፍስ እናስታውስ፤ የተሻሻለ ምድጃና የጭስ መውጫ የጤና ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ተጠያቂነቱ እንሂድ። በ2015 የኢንዶኔዢያ ምክትል ፕሬዚዳንት ዩሱፍ ካላ ጎረቤቶቻቸው በዓመት ለአሥራ አንድ ወር ከኢንዶኔዢያ የሚመጣውን ንጹሕ አየር ሲተነፍሱ አመስግነው እንደማያውቁ፣ ለአንድ ወር ጭስ ሲደርስባቸው ግን እንደሚቆጡ ተናገሩ። ንግግሩ ብዙዎችን አስቆጣ። ሆኖም የኢንዶኔዢያ ባለሥልጣናት ሌላም መከራከሪያ አላቸው፤ እርሱም መልስ የሚሻ ነው። በኢንዶኔዢያ ምድር ከሚሠሩት የፓልምና የወረቀት ኩባንያዎች የማሌዥያና የሲንጋፖር ባለሀብቶች ድርሻ ያላቸው አሉ። ስለዚህ ጭሱ ወደ ሰሜን ሲሄድ ትርፉም አብሮ ይሄዳል።

በዓለም አቀፍ ሕግ ጥያቄው አዲስ አይደለም። በካናዳ ትሬይል በምትባል ከተማ የነበረ የብረታ ብረት ማቅለጫ የሚያወጣው ጭስ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የገበሬዎችን ሰብል አጠፋ። ጉዳዩ ለግልግል ዳኞች ቀረበ፤ ዳኞቹም በ1938 እና በ1941 በሰጡት ውሳኔ ማንም አገር በገዛ ግዛቱ ላይ የሚፈጠር ጭስ በሌላው አገር ላይ ከባድ ጉዳት እንዲያደርስ የመፍቀድ መብት እንደሌለው ደነገጉ። ካናዳም ካሣ ከፈለች። ይህ መርሕ በ1972ቱ የስቶክሆልም መግለጫም ውስጥ ገብቷል።

መርሑ እያለ ታዲያ ለምን አይሠራም? በትሬይል ጭሱ የሚወጣው ከአንድ ማቅለጫ ነበር፤ ሁለቱም አገሮች ወደ ዳኝነት ለመሄድ ተስማምተዋል። በሱማትራ ግን እሳቱ በሺህ ቦታ ነው፤ ፍርድ ቤት ለመቅረብም የሁለቱም ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ አሴያን፣ በ2002 ድንበር ተሻጋሪ የጭስ ብክለትን የሚመለከት ስምምነት ፈርሟል፤ በ2003ም ሥራ ላይ ውሏል። ይሁን እንጂ አለመግባባት ሲነሳ የሚፈታው በምክክርና በድርድር ነው፤ ስምምነቱን ላፈረሰ የተቀመጠ ቅጣት የለም። በጊዜው ከነበሩት አሥር አባላት መጨረሻ ያጸደቀችው ራሷ ኢንዶኔዢያ ስትሆን፣ ያም በ2014 ነው፤ ከተፈረመ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ!

ሲንጋፖር መጠበቁ ስለሰለቻት በ2014 የራሷን ሕግ አወጣች። ሕጉ የሲንጋፖርን አየር የሚበክል እሳት ያስነሳን ድርጅት፣ የትም አገር ቢሆን፣ በቀን እስከ 100,000፣ በድምሩም እስከ 2 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ይቀጣል። ደፋር ሕግ ነው። ማስረጃው፣ ምስክሩና የይዞታ ካርታው ግን ያሉት በኢንዶኔዢያ ነው፤ ያለ እርሷ ትብብር ክስ ማቆም ከባድ ነው።

የኢንዶኔዢያ ዜጎችም ዝም አላሉም። የማዕከላዊ ካሊማንታን ነዋሪዎች ከ2015ቱ ቃጠሎ በኋላ ፕሬዚዳንቱንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ከሰሱ። የፓላንግካራያ ፍርድ ቤት በ2017 ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2019 አጸናላቸው። በ2022 ግን ውሳኔው በድጋሚ ምርመራ ተሻረ። የጠየቁት ሐኪም ቤት፣ ጭስ የማይገባበት መጠለያና የይዞታ መረጃ ግልጽ እንዲሆን ነበር። የይዞታ መረጃው ጥያቄ ጎረቤት አገር ከሚጠይቀው ጋር አንድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አድማጭ ቢኖር፣ መልሱ ማጀቱ ውስጥ አለ። በየሸማቾች ማኅበሩና በየሱቁ በጄሪካን የሚሸጠው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት በብዛት የሚመጣው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዢያ ነው። ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚመረተው በእነዚህ ሁለት አገሮች ነው። ብስኩቱም፣ ሳሙናውም ይህን ዘይት ይዞ ይገኛል።

ይህን ያልነው ዘይቱን አትብሉ ለማለት አይደለም። የፓልም ዛፍ በአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት ከአኩሪ አተር በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በእርሱ ፋንታ ሌላ ተክል እናልማ ብንል ከዚህ የሰፋ ደን ልንመነጥር እንችላለን። ጥፋቱ ያለው ዛፉ በተተከለበት ቦታ ነው። በደረቅና በተራ አፈር ላይ የተተከለ ፓልም የካሊማንታንን ጭስ አያመጣም። ረግረጉን አድርቆ የተተከለው ነው የሚያመጣው።

ስለዚህ መፍትሔውም ከውኃው ይጀምራል። ኢንዶኔዢያ በ2016 የረግረግ መሬት መልሶ ማቋቋሚያ ተቋም መሥርታ ሁለት ሚሊዮን ሄክታር እንዲያገግም አቅዳ ነበር። የሥራው ዋና ክፍል የድሮዎቹን ቦዮች እየገደቡ ውኃው ተመልሶ እንዲተኛ ማድረግ ነበር። የአገሪቱ ደንብም በረግረግ እርሻ ላይ የከርሰ ምድር ውኃው ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች እንዳይወርድ ያዛል። ይህም ሆኖ በ2019 ዳግም 1.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጥሎ በማሌዥያ ወደ 2,500 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2023 ኤልኒኞ ሲመለስ የተቃጠለው 1.16 ሚሊዮን ሄክታር ነው። ከ2015ቱ ጋር ሲተያይ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ለሚታፈነው ሕዝብ ግን አሁንም እጅግ ብዙ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ምክሩ ቃል በቃል ይሠራል። እሳቱ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚላክ ሄሊኮፕተር፣ የሚታደል ጭንብልና የሚሰጥ ይቅርታ ሁሉ የዘገየ ነው። ቦዩን በዝናቡ ጊዜ የገደበ ሰው ግን ክብሪት የሚጭር ቢኖር እንኳ መሬቱ እንዳይቀጣጠል አድርጓል።

እኛም የራሳችን ትዝታ አለን። በ2000 መጀመሪያ ላይ የባሌና የቦረና ደኖች ለሳምንታት ሲነዱ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ገበሬውም ዘምቶ ነበር፤ ከውጭ አገርም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። ያ ዘመቻ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ደኑን የሚጠብቅ ማኅበር፣ መንገድና መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ባልጠፋ ነበር። ረግረጋችንን አንጠፍጥፈን ለእርሻ ስናውልም የካሊማንታንን ቦዮች እናስብ።

የዛሬውን ዝግጅታችንን በአንድ አቋም እንደምድም። ጭሱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ጭሱ ረግረጉን አድርቆ የሚያተርፈው ሰው፣ ያንን የፈቀደው መንግሥትና ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚገዛው ነጋዴ ነው። ተጠያቂነቱም በእነዚህ ሦስቱ ላይ መውደቅ አለበት። ለዚህም የእያንዳንዱ ይዞታ ካርታ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ የአሴያን ስምምነትም ቅጣት ይኑረው፤ የዘይት ገዢ አገሮችም፣ እኛን ጨምሮ፣ ዘይቱ ከየትኛው መሬት እንደመጣ እንጠይቅ። የመጠየቅ አቅማችን ትንሽ ቢመስልም፣ ሻጩ ያለ ገዢ አይኖርም።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)